የተመለሰው ዳታ የማን ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባክአፕ ነው። አወሳሰዱን ግን አልነግራችሁም፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማወራችሁ ዳታው በሰላም ተመልሶ፣ አንድ ሪከርድ ሳይጎድል፣ ማንም ሊሠራበት ስለማይችልባት ሰዓት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባክአፕ ያለኝ አስተሳሰብ ተቀይሯል።

ቅዳሜ ማታ ነበር። የአንድ ክሊኒክ ሰርቨር መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለ። ዲስኩ ሄዷል። ዳታቸው የተቀመጠበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ የሚባለው ነው። ደግነቱ የሌሊቱ ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ተቀምጧል። አዲስ ሰርቨር አዘጋጀሁ፣ ፖስትግሬስ ጫንኩ፣ ባዶ ዳታቤዝ ፈጠርኩ፣ ባክአፑን መልሶ የሚጭነውን ፒጂ ሪስቶር የተባለ ፕሮግራም አስነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ኤረር እየተከታተለ መውረድ ጀመረ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ የሚባል ሮል የለም፣ እንዲህ የሚባል ሮል የለም። ሮል ማለት ዳታቤዙ የሚያውቀው የተጠቃሚ ወይም የቡድን ስም ነው። ግን አልቆመም። መጨረሻ ላይ 214 ስህተት ታልፏል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ጨረሰ።

እኔም የታካሚዎችን ቴብል ከፈትኩ። ቆጠርኩ። ልክ ነው። የላብራቶሪውን ቆጠርኩ። ልክ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩና «ጋሼ፣ ዳታው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል» አልኳቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ስለሆነ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የካርድ ክፍሏ ሲስተር ናቸው። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ አላስገባም አለኝ። ሰው ተሰልፏል» አሉኝ። ከኋላቸው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል።

ስደርስ አፕሊኬሽኑ የሚለው «ፓስወርድ ትክክል አይደለም» ነው። የኮንፊግ ፋይሉን ከፍቼ ፓስወርዱን አየሁ። ትክክል ነው። እንደገና ጻፍኩት። ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፓስወርድ ስፈትሽ ቆየሁ። ችግሩ ግን ፓስወርዱ አልነበረም። በዚያ ስም የሚጠራ ዩዘር አዲሱ ሰርቨር ላይ ጭራሽ የለም። ፖስትግሬስ በፓስወርድ ለሚገባ ሰው «እንዲህ የሚባል ዩዘር የለም» ብሎ አይነግረውም። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ ሰብሮ ሊገባ የሚሞክር ሰው የትኛው ስም እንዳለ እንዳያውቅ። እውነተኛው ምክንያት ያለው ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ በሚጽፍበት ሎግ ውስጥ ነው። ሎጉን ቀድሜ ባየው ኖሮ ግማሽ ሰዓቱ ይተርፍ ነበር።

ዩዘሩን ፈጠርኩ። ገባ። አሁን ደግሞ «ይህን ቴብል ለማየት ፈቃድ የለህም» አለ። በቴብሎቹ ሁሉ ላይ ፈቃድ ሰጠሁ። ሲስተር ሞከሩት። «አሁን ይከፈታል፣ የድሮውንም ካርድ ያሳያል። አዲስ ካርድ ግን አያወጣም» አሉኝ። የካርድ ቁጥሩን የሚሰጠው ሲኩዌንስ ነው። ሲኩዌንስ ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው፤ የቴብሉ ፈቃድ ለእሱ አያገለግልም። አንዱን ስከፍት ሌላ በር ይገጥመኛል።

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ያን ጊዜ ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ። የአፕሊኬሽኑን ዩዘር ሱፐርዩዘር፣ ማለትም ምንም የማይከለከል ዩዘር፣ አደረግሁት። ሁሉም ነገር ሠራ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ማታ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሳላስተካክለው ወራት አለፉ።

እንግዲህ ምን ነበር የሆነው? ነገሩን በቤት አስቡት። የቤት ካርታ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ሰውየው ግን ካርታው ውስጥ አይኖርም። ማንነቱ የተመዘገበው ቀበሌ ነው። ፒጂ ደምፕ የአንድ ዳታቤዝ ባክአፕ ሲወስድ ቤቱንና ካርታውን ይዞ ይወጣል። «ይህ ቴብል የእገሌ ነው፣ እገሊት ማየት ትችላለች» የሚለው ጽሑፍ ሁሉ አለ። እገሌና እገሊት ግን የሉም። ፖስትግሬስ ውስጥ ሮሎች የሚመዘገቡት በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሳይሆን በሰርቨሩ ደረጃ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሰፈር ስንደርስ ቤቱ ተሠራ፣ ባለቤቱ ሲጠራ ማንም አቤት የሚል ጠፋ። ያ ሁሉ 214 ስህተት ይኸው ነው። ባለቤት ያጡት ቴብሎች ደግሞ ሪስቶር ባደረገው ሰው ስም ቀሩ፤ በእኔ ሁኔታ በፖስትግሬስ ሱፐርዩዘር ስም።

የሮሎቹን መዝገብ ለብቻው የሚያወጣ ትዕዛዝ አለ። ፒጂ ደምፕ ኦል ይባላል። ግሎባልስ ኦንሊ ከሚለው ኦፕሽን ጋር ስትጠቀሙበት ሮሎችን፣ ማን የየትኛው ሮል አባል እንደሆነ፣ የፓስወርዱንም ሃሽ፣ ማለትም ፓስወርዱ ተለውጦ የሚቀመጥበትን ምስጢራዊ ቅርጽ፣ ያወጣል። ፋይሉ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። እሱን በየሌሊቱ ከዳታው ጎን ብታስቀምጡ፣ መልሳችሁ ስትጭኑ ደግሞ ከዳታው በፊት ብታስገቡት፣ የእኔ ሰኞ አይደርስባችሁም። ብቻ ይህ ፋይል የፓስወርድ ሃሽ ስለያዘ እንደ ቁልፍ ጠብቁት። በኢሜይል አትላኩት፣ በቴሌግራም ግሩፕ አትለጥፉት።

ክላውድ ላይ ከሆናችሁ ይህ ትዕዛዝ ሊከለክላችሁ ይችላል። እዚያ እውነተኛ ሱፐርዩዘር አይሰጣችሁም፤ የፓስወርዱን ሃሽ ማንበብም አይፈቀድም። ለዚህ ከቨርዥን 10 ጀምሮ ያለ ሮል ፓስወርድ የማውጣት ኦፕሽን አለ። ሮሎቹን ያወጣላችኋል፣ ፓስወርዱን እዚያ እንደ አዲስ ትሰጣላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወደው አቋራጭ ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ ይህን ኤረር ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ምክር «ኖ ኦነር እና ኖ ፕሪቪሌጅስ ጨምርበት» የሚል ነው። አንዱ ባለቤትነትን፣ ሌላው ፈቃድን ሳትመልስ እለፍ ማለት ነው። ትጨምራላችሁ። ኤረሩ ሁሉ ድርግም ይላል። ስክሪኑ ንጹሕ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ንጹሕ ስክሪን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኞች የታካሚዎችን ቴብል በቀጥታ እንዲያዩ አይፈቀድላቸውም። የሰው የጤና ታሪክ ነው። ግን የናሙናው ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ፋንክሽን ተጽፎላቸዋል። የካርድ ቁጥር ሲሰጡት ስምና ዕድሜ ብቻ ይመልሳል። ይህ ፋንክሽን ሰኪውሪቲ ዲፋይነር የሚባለው ዓይነት ነው። የሚሠራው በጠሪው ሥልጣን ሳይሆን በባለቤቱ ሥልጣን ነው። ባለቤቱ ሥልጣኑ ጠበብ ያለ ሮል ነበር። ከላብራቶሪ ሮል በቀር ማንም እንዳይጠራውም ተከልክሏል።

ይህን ዳታቤዝ በሱፐርዩዘር ገብታችሁ በእነዚያ በሁለቱ ኦፕሽኖች መልሱት። ኖ ኦነር ስላላችሁ የፋንክሽኑ ባለቤት ሱፐርዩዘሩ ይሆናል። ኖ ፕሪቪሌጅስ ስላላችሁ ደግሞ ክልከላውም አብሮ ይቀራል። ብዙ ሰው ያ ኦፕሽን የሚያስቀረው ፈቃድን ብቻ ይመስለዋል። ክልከላንም ያስቀራል። ፖስትግሬስ ውስጥ አዲስ ፋንክሽን ሲፈጠር፣ ካልተከለከለ በስተቀር፣ ማንም እንዲጠራው የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍል ብቻ ተብሎ በጠባብ ሥልጣን የተሠራው ፋንክሽን አሁን ዳታቤዙ ውስጥ የገባ ሁሉ በሱፐርዩዘር ሥልጣን የሚያስሮጠው ሆነ ማለት ነው። አንድም ኤረር አልታየም። ዳታውም ሙሉ ነው።

ቪውም፣ ማለትም ከቴብል ተመርጦ የሚታይ ዝግጁ እይታ፣ እንዲሁ ነው። ቪው ከሥሩ ያለውን ቴብል የሚያነበው በባለቤቱ ዓይን ነው። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ታካሚዎች ብቻ እንዲያይ በረድፍ ደረጃ ገደብ አበጅታችሁ ከነበረ፣ የቪው ባለቤት ሱፐርዩዘር ሲሆን ያ ገደብ በቪው በኩል አይሠራም። ሱፐርዩዘርን ገደብ አይዘውም።

ባለቤትነት የወረቀት ጉዳይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አንድ ኮድ በማን ስም እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶልናል፤ የታካሚ መረጃ የያዘ ሰው በሕግም ተጠያቂ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? እነዚያ ሲስተር ጋ ቆመው ስማቸውንና ሕመማቸውን የተናገሩ ሰዎች አምነውን ነው የተናገሩት።

ኖ ኦነር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በእውነት ባለቤት መቀየር የምትፈልጉበት ጊዜ አለ። ዳታቤዙን ወደ ክላውድ ስታዛውሩ፣ ወይም ለሙከራ ሌላ ስም ስትሰጡት። ያን ጊዜ ሮል ከሚለው ኦፕሽን ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት። ፒጂ ሪስቶር መጀመሪያ ወደዚያ ሮል ይቀየርና የሚፈጥረውን ሁሉ በእሱ ስም ይፈጥራል። ባለቤቱን እናንተ መረጣችሁት ማለት ነው። ፈቃዱንና ክልከላውን ደግሞ በጽሑፍ ባስቀመጣችሁት ስክሪፕት እንደገና አስገቡት። እኔ አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ባለቤቱንና ሠራተኛውን መለየት ነው። ቴብሎቹ የሚመዘገቡበት ሮል ሎግ ኢን ማድረግ አይችልም። አፕሊኬሽኑ የሚገባበት ሮል ደግሞ ምንም ነገር በስሙ የለውም፤ ማንበብና መጻፍ ብቻ ተፈቅዶለታል።

የሌሎቹንም ዳታቤዞች በአጭሩ ልበል፤ መሥሪያ ቤቶቻችሁ በእነሱ የሚሠሩ ብዙዎች አላችሁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ችግሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስሙ አንድ ሆኖ ሰውየው ሌላ ነው። ሎግ ኢኑ ሰርቨሩ ላይ፣ ዩዘሩ ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። አዲስ ሰርቨር ላይ በዚያው ስም ሎግ ኢን ብትፈጥሩ ቁጥሩ ይለያል፣ ዩዘሩም ወላጅ አልባ ይሆናል። መጠሪያው እንኳ «ኦርፈንድ ዩዘር» ነው። መፍትሔው ዩዘሩን ከአዲሱ ሎግ ኢን ጋር የሚያስተሳስር አንድ መስመር የኦልተር ዩዘር ትዕዛዝ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ ቪውና ፕሮሲጀር (ተጽፎ የተቀመጠ ትዕዛዝ) የጻፋቸውን ሰው ስም ይይዛሉ። ያ ሰው አዲሱ ሰርቨር ላይ ከሌለ ኤረር 1449 ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ስትመልሱት ሳይሆን ሰው ሲጠቀምበት ነው።

ወደ መግቢያው በር ልመለስ። ፖስትግሬስ ማን ከየት በምን መንገድ እንደሚገባ የሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ በሚባል ፋይል ነው። ይህ ፋይል ዳታቤዙ ውስጥ አይደለም፤ ፒጂ ደምፕም ፒጂ ደምፕ ኦልም አይነኩትም። ለብቻው ኮፒ ካላደረጋችሁት ከዲስኩ ጋር ይሄዳል። ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከታች ያለው አይታይም። «ከታች ፈቅጄለት ነበር እኮ፣ ለምን እምቢ አለ?» የሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ከላይ ያለ መስመር ነው።

ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ አዲስ ፖስትግሬስ ስትጭኑ በዚያው ማሽን ላይ ለሚገባ ሰው የተቀመጠው ፒር የሚባለው መንገድ ነው። የሊኑክስ ስማችሁ ከዳታቤዝ ስማችሁ ጋር አንድ ካልሆነ አያስገባችሁም። በሌሊት፣ በድካም፣ ሰው እየጠበቃችሁ፣ ይህን ኤረር ስታዩ ፋይሉን ወደ ትረስት መቀየር ያምራችኋል። ትረስት ማለት እዚያ የደረሰ ሁሉ፣ ያለ ፓስወርድ፣ በፈለገው ስም ይግባ ማለት ነው፤ በሱፐርዩዘርም ስም ጭምር። እባካችሁ አታድርጉት። ለአምስት ደቂቃ ተብሎ የተከፈተ በር ስንት ዓመት ክፍት ሆኖ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ድሮ የፖስትግሬስ ፓስወርድ የሚቀመጠው በኤምዲ5 በሚባል የሃሽ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቨርዥን 10 ስክራም የሚባለውን የተሻለ መንገድ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቨርዥን 14 ደግሞ ስክራምን መደበኛ አደረገው። አሁን የድሮ ሰርቨራችሁን መዝገብ አወጣችሁ እንበል፤ ሃሾቹ ኤምዲ5 ናቸው። አዲሱ ሰርቨር ላይ አስገባችሁ። አዲሱ ሰርቨር የሚጠይቀው ስክራም ነው። ዩዘሩ አለ፣ ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ግን «ፓስወርድ ትክክል አይደለም» ይላችኋል። ከኤምዲ5 ሃሽ ስክራም አይወጣም። ሎጉን ብታዩ ዩዘሩ የስክራም ምስጢር እንደሌለው ይነግራችኋል። መድኃኒቱ ፓስወርዱን እንደገና መስጠት ነው። በዚያው አጋጣሚ አፕሊኬሽኑን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ስክራም የሚያውቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ አሮጌዎቹ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ቨርዥን 18 ኤምዲ5ን ወደ መውጫው ስለገፋው፣ ይህን ሥራ ለነገ ባታሳድሩት ይሻላል። ኤምዲ5 ላይ እያላችሁ የሮል ስም ከቀየራችሁም ፓስወርዱ ይጠፋል። ሃሹ የተሠራው ከስሙ ጋር ተቀላቅሎ ነውና።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መመለስ ነው። ባክአፕ ሲወሰድም ይኸው የመግቢያ ጣጣ አለ፤ እዚያ ግን ድምፅ አያሰማም። አንድ ቦታ ክሮን በሚባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም በየሌሊቱ በራሱ ባክአፕ የሚወስድ ሥራ ነበር። ፎልደሩን ስከፍት ፋይሎቹ በየቀናቸው ተደርድረዋል። ያማረ ነገር ነው። ከዚያ መጠናቸውን አየሁ። ከአንድ ቀን ጀምሮ ሁሉም 20 ባይት ናቸው። ባዶ ነገር ጂዚፕ በሚባለው መጠቅለያ ፕሮግራም ሲጠቀለል 20 ባይት ይሆናል። ምን ሆኖ ነው? የዳታቤዙ ፓስወርድ ተቀይሯል። የክሮኑ ፓስወርድ ፋይል አልተቀየረም። ፒጂ ደምፕ መግባት አልቻለም፣ ምንም አላወጣም። ጂዚፕ ግን ያንኑ ምንም በሰላም ጠቅልሎ «ጨርሻለሁ» አለ። ስክሪፕቱ የሰማው የጂዚፕን መልስ ነው። ስክሪፕቱን በሚያስኬደው ባሽ ላይ ፓይፕፌይል የሚባለውን ብታበሩ የፒጂ ደምፕም ውድቀት ይሰማል። የፓስወርድ ፋይሉ ፈቃድ ደግሞ ከ0600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ ከሚያነብበውና ከሚጽፍበት፣ ከሰፋ ፖስትግሬስ ፋይሉን ጭራሽ አያነበውም፤ ያም አንድ ምክንያት ነው። ለባክአፕ ብላችሁም ሱፐርዩዘር አትጠቀሙ፤ ከቨርዥን 14 ጀምሮ ሁሉን ማንበብ ብቻ የሚችል የተዘጋጀ ሮል አለ።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ድርጅት ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋ። ባለሙያው ሌላኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ነበር። ባክአፑን ሲፈልጉት የለም። የሚሠራበት ፒጂ ደምፕ ቨርዥኑ 9.2፣ ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር በየቀኑ ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገር ኢሜይልም ይላክ ነበር። ግን ኢሜይሉ ማንነቱ በሚገባ የተረጋገጠ ስላልነበረ ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው፣ ማንም ሳያየው ቀረ። ያዳናቸው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነው። ሁሉንም ራሳቸው በግልጽ ጻፉት። ከዚያ ጽሑፍ እኔ ብዙ ተምሬበታለሁ፤ የኢሜይሉ ነገር በተለይ አይረሳኝም። ጩኸቱም ለመግባት መታወቂያ ያስፈልገዋል።

ታዲያ አሁን እንዴት ነው የምሠራው? በወር አንድ ቀን ባዶ ማሽን አነሳለሁ። መዝገቡን አስገባለሁ፣ ከዚያ ዳታውን። ፒጂ ሪስቶር የመጀመሪያው ስህተት ላይ እንዲቆም አዝዘዋለሁ፤ 214 ስህተት አልፎ የሚሄድ ሪስቶር አልፈልግም። ከዚያ በፖስትግሬስ ሱፐርዩዘር ገብቼ አልቆጥርም። ሱፐርዩዘር ሁሉን ስለሚያይ ምንም አይነግረኝም። በአፕሊኬሽኑ ዩዘርና ፓስወርድ፣ አፕሊኬሽኑ በሚገባበት መንገድ፣ ከሌላ ማሽን እገባለሁ። አንድ የድሮ ካርድ አያለሁ። አንድ አዲስ ካርድ አወጣለሁ። ከዚያ በላብራቶሪ ዩዘር ገብቼ የታካሚዎችን ቴብል ለማየት እሞክራለሁ፤ እሱ ላይ የምፈልገው መልስ ክልከላ ነው። ከፈቀደልኝ ባክአፑ ወድቋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ክሊኒኩን እንዴት እንዳስተካከልኩት ልንገራችሁና ላብቃ። ሱፐርዩዘር የሆነ አፕሊኬሽን ዳታቤዝ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ በኮፒ ትዕዛዝ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ይችላል። አንድ የፍለጋ ሳጥን ላይ ክፍተት ቢኖር የገባው ሰው ማሽኑን ይወስደዋል። ይህን ካሰብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሥራ አስኪያጁ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አስተካክለው» ብቻ አሉኝ።

እሁድ ቀን ገባሁ። የፖስትግሬስን ንብረት በሙሉ በአንድ ትዕዛዝ ወደ ሌላ ሮል ላዛውር ብል እምቢ አለኝ፤ የሲስተሙም ዕቃ በእሱ ስም ስለሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቴብል፣ ቪው፣ ሲኩዌንስና ፋንክሽን በስሙ እየጠራሁ ባለቤቱን መለስኩ። ለትዕዛዙ ዝርዝር የሚያወጣ ኩዌሪ ጻፍኩ፤ በእጅ ቢሆን ቀኑ አይበቃም። ክልከላዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። መጨረሻ ላይ ሱፐርዩዘርነቱን ከአፕሊኬሽኑ ላይ አነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በር ሳይከፈት፣ ካርድ ክፍል ቆሜ ነበር። ሲስተር ኮታቸውን ሰቅለው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። ሲስተር ስሟን ጻፉ፣ ዕድሜዋን ጻፉ፣ ተጫኑት። አዲስ ካርድ ወጣ። ቁጥሩን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅዳሜ ከወጣው የመጨረሻ ካርድ ቀጥሎ ያለው ነበር።